ትልቅ ጎማ ካስገጠሙ በኋላ መሪ ሲንቀጠቀጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሰበታ እስከ ሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ እስከ ዱከም ፒካፕና ቀላል የጭነት መኪና የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን መልሰናል።

በድሮው ጎማ መሪው ጸጥ ያለ ነበር። ትልቁን ካስገጠምኩ በኋላ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጎማ ሲያድግ ክብደቱ ይጨምራል፤ ክብደቱ ያለበት ቦታም ከመሃሉ ይርቃል። የሃይሉክስ 265/65 አር 17 ጎማ ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚቀይርበት 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ጎማ ጥርስ ላይ በአንድ በኩል 60 ግራም ትርፍ ክብደት ቢኖር፣ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያቺ 60 ግራም ወደ 9 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ጎማውን ትጎትተዋለች። ይህ በየሰከንዱ ዘጠኝ ጊዜ ተኩል ያህል ይመላለሳል፤ እጅዎ ላይ የሚሰማዎት እሱ ነው።

ሌላው ምክንያት ከጎማው ውጪ ነው። በትንሹ ጎማ ጊዜ የማያስታውቅ የቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ልቅነት፣ የላላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ወይም ያረጀ ጎሚኒ (በብረቶች መካከል ያለ ላስቲክ) ከባዱ ጎማ ሲመጣበት ይጋለጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምሩ፦ መጀመሪያ ጭቃ፣ ንፋስና ዳዶ (የጎማው ማሰሪያ)፣ ቀጥሎ ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን)፣ ከዚያ ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ብረት)፤ ዕቃ መቀየር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ጀምሮ አዲስ ቴስቲና ከገዛ በኋላ መሪው እንደዚያው ሲመታ እያየ ግራ ይጋባል።

መሪው የሚመታበት ፍጥነት ስለ ችግሩ የሚናገረው ነገር አለ?

ብዙ ይናገራል። ከ70 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል መጥቶ ፍጥነቱ ሲያልፍ የሚቀንስ ከሆነ ባላንስ ነው ብለው ይነሱ። በ20 እና በ30 እንኳ መሪው ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ጎማው አብጧል፣ ቸርኬው ተጣሟል ወይም ዳዶ ላልቷል። እዚያው ዳር ይዘው ይቁሙና ይመልከቱ፤ ቤት እስክደርስ ብለው አይቀጥሉ። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩና ወለሉ የሚነዝር ከሆነ የኋላ ጎማ ወይም ትራንስሚሲዮን (ኃይል ወደ ኋላ አክስል የሚያደርሰው ዘንግ) ነው።

ፍሬን ሲይዙ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከፊት ዲስክ ነው። ከሱሉልታ በእንጦጦ ወደ ከተማው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ ሲወርዱ ዲስኩ ይግላል፤ ትልቅ ጎማ ደግሞ ለማቆም ከበፊቱ የበለጠ ኃይል ስለሚፈልግ ሙቀቱ ይብሳል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

ፍተሻውን ኮብልስቶን ወይም ኮረኮንች ላይ አይሞክሩት፤ መንገዱና ጎማው ይምታታብዎታል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው። ከላይ ባለው የጎማ ለውጥ ቆጣሪው ከበፊቱ 7 በመቶ ያህል አሳንሶ እንደሚያነብም ልብ ይበሉ፤ ቀድሞ በትክክል ያነብ ከነበረ 80 ሲልዎት ወደ 86 እየሄዱ ነው።

ጎሚስታ ቤት ከመሄዴ በፊት ራሴ ምን ልመልከት?

ጭቃውን። ሰንዳፋ፣ ሰበታም ሆነ አቃቂ በኩል ከአስፋልት ወጥቶ መረሬ አፈር የረገጠ መኪና፣ ጭቃውን በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። ከውጭ ሲያዩት ቸርኬው ታጥቦ ያበራል። ከመኪናው ስር ገብተው በፍሬኑ በኩል ሲያዩ ግን የቸርኬው ጎድጓዳ ላይ እንደ ሸክላ የደረቀ ጥቁር ቁራጭ በአንድ በኩል ተለጥፎ ያገኛሉ። ያ ቁራጭ 200 ግራም ቢሆን፣ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 15 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይጎትታል። ውኃ ብቻ አያስለቅቀውም። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ሩብ ሰዓት ያህል ካቆዩት በኋላ በእንጨት ወይም በካቻቢቴ ይፋቁት፤ ከዚያ ያጥቡት። በክረምት ስለ መሪ መንቀጥቀጥ ከሚመጣው ጥያቄ ብዙው እዚህ ላይ ያልቃል።

እግረ መንገድዎን የባላንስ እርሳሶቹን ይዩ። የሚለጠፈው እርሳስ ከወደቀ ቦታው ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ምልክትና የሙጫ ቅሪት ይተዋል። ያንን ካገኙ መልሱን አገኙ። የጎማውን ጎንና ጥርስ ደግሞ በመዳፍዎ ይዳስሱ፤ እብጠት ካለ ያ ጎማ ከዚህ በኋላ አስፋልት ላይ መውጣት የለበትም።

ንፋስ ስንት ልሙላ? ጎሚስታው 60 ሞላልኝ።

ባዶ ለሚሄድ ፒካፕ 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) በጣም ብዙ ነው። ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል፣ በመሃሉ ብቻ ይረግጣል፣ ኮብልስቶን ላይ እያንዳንዱን ድንጋይ ለመሪው ያደርሳል። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛው ጣሪያ ነው፤ ሙሉ ተብሎ የታዘዘ አይደለም። ለጭነት የተሠራ ወፍራም ጎማ ያለው ሃይሉክስ ባዶውን ከሆነ በ36 እና በ38 መካከል ይጀምሩ፤ ሲጭኑ የኋላውን ወደ 45 እና 50 ከፍ ያድርጉ።

ትክክለኛውን ለማግኘት ጠመኔ ይበቃል። በጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር ያስምሩና በደረቅና ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ከ10 እስከ 20 ሜትር ይሂዱ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፤ ዳር ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። እኩል እስኪጠፋ በ2 በ2 ፒኤስአይ ይጨምሩ ወይም ያውጡ። ሁልጊዜም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ይለኩ።

ዳዶ አጠባበቅ መሪን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል?

ይችላል፤ ቶሎ የማይጠረጠርም እሱ ነው። ቸርኬው ከመቀመጡ በፊት የሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) ፊት በብረት ብሩሽ መጽዳት አለበት። እዚያ በአንድ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝገት ቢቀር በትልቁ ጎማ ጠርዝ ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውዝዋዜ ይሆናል። ዳዶዎቹን ጎማው በክሪክ እንደተንጠለጠለ በእጅ ያስገቡ፤ ከዚያ አንዱን ካጠበቁ ፊት ለፊቱ ወዳለው እየተሻገሩ በሦስት ዙር ያጥብቁ። የመጨረሻው ዙር መኪናው መሬት ሲወርድ ነው።

ለሃይሉክስ ወደ 105 ኒውተን ሜትር ይበቃል። 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ግራም ያህል መጫን ማለት ነው። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ በእግር መቆም ቡሎኑን ይስባል፤ አጠባበቁ ሳይመጣጠን ሲቀር ደግሞ የፍሬን ዲስኩን ያጣምማል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ መልሰው ያጥብቁ።

የዳዶው ዓይነትም አለ። የብረት ቸርኬ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ይፈልጋል። ከቶዮታ ጋር የመጣ የአሉሚኒየም ቸርኬ ብዙ ጊዜ ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ነው የሚወስደው። ከገበያ የተገዛ የአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሾጣጣው ይመለሳል። ጠፍጣፋውን በሾጣጣ መቀመጫ ላይ ያጠበቀ ሰው ቸርኬውን መሃል ላይ አላስቀመጠም፤ በጉዞም ይላላበታል።

ያገለገለ ትልቅ ጎማ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2011 ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው ስንጥቅና እብጠት በደንብ ፈልገው ይወስኑ። አሥር ካለፈው ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት።

ለረጅም ጊዜ መኪና ላይ ቆሞ የነበረ ጎማ በተቀመጠበት በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲሞቅ ከተስተካከለ ደህና ነው፤ ካልተስተካከለ ባላንስ አያድነውም። ራዲያልና ናይለን ጎማ በአንድ አክስል ላይ በፍጹም አያቀላቅሉ።

ባላንስ በትክክል መሠራቱን በምን አውቃለሁ?

አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ። ጎማው ታጥቦ፣ አሮጌው እርሳስ በሙሉ ተነቅሎ መጀመር አለበት። ቸርኬው ማሽኑ ላይ በመሃል ቀዳዳው በኩል ነው የሚያዘው፤ መሃል የሚያስይዘው ሾጣጣ ብረት (ኮኑ) የሚገባው ደግሞ ከጀርባው፣ ሞዞው ላይ በሚያርፈው ፊት በኩል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ባለሙያው ሦስት ልኬት ያስገባል፦ ከማሽኑ እስከ ቸርኬው ያለውን ርቀት፣ የቸርኬውን ስፋትና ዲያሜትሩን። ከፊትዎ የነበረው ኮሮላ ልኬት ማሽኑ ላይ እንዳለ ቀርቶ የፒካፕ ጎማ ከተሽከረከረ የሚወጣው ቁጥር ዋጋ የለውም። ሰፊ ጎማ ደግሞ በሁለቱም በኩል፣ ከውስጥም ከውጭም፣ መመዘን አለበት።

ሁለቱም በኩል ዜሮ ካለ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቁት። ጎማውን ከማሽኑ ያላቅቀው፣ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ ያጥብቀውና እንደገና ያሽከርክረው። ማሽኑ አሁንም ዜሮ ወይም 5 ግራም ካለ ሥራው ትክክል ነው። ከ15 ግራም በላይ ካሳየ ቸርኬው መሃል ላይ አልተያዘም፤ የመጀመሪያው ዜሮም ሐሰት ነበር። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው፤ ሳያደርጉት ባይሄዱ እንመክራለን።

የሚለጠፍ እርሳስ የሚያርፍበት ቦታ በቤንዚን ተጠርጎ መድረቅ አለበት። በአቧራ ላይ የተለጠፈ እርሳስ የመጀመሪያውን ኮረኮንች አያልፍም።

ማሽኑ 180 ግራም ይጨመር አለኝ። ይደረግ?

ወዲያው አይደረግ። ለዚህ መጠን ጎማ በአንድ በኩል እስከ 100 ግራም ድረስ የሚያሳስብ አይደለም። ከ150 ካለፈ ግን ንፋሱ ይውጣ፣ ጎማው ከቸርኬው ከንፈር ይላቀቅና ግማሽ ዙር ዞሮ እንደገና ይሞላ። የጎማው ከባድ በኩልና የቸርኬው ከባድ በኩል አንድ ላይ ገጥመው ከነበረ አሁን ይጣፋሉ፤ የሚያስፈልገው እርሳስ በብዙ ይቀንሳል። አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ቀላሉን በኩል ስለሚያሳይ ከቫልቩ አጠገብ ይቀመጣል።

ውስጡ ውኃ ወይም የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ያለበት ጎማ በየሽክርክሪቱ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ያለከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ ውስጥ ቸርኬው ስለሚያፈስ ብለው ከመነዳሪ የከተቱ እንደሆነም እንዲሁ ነው፤ የታጠፈ ከመነዳሪ ጎማውን በአንድ በኩል ያከብደዋል።

ሦስት ጊዜ ባላንስ አስደረግሁ፤ አሁንም ይመታል። ቀጥሎስ?

ቅርጹን ይፈትሹ። ባላንስ ክብደትን ያስተካክላል እንጂ ክብ ያልሆነን ጎማ ክብ አያደርግም። የፊቱን ጎማ በክሪክ ያንሱ፤ መኪናው በድጋፍ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ። ከጎማው ጥርስ ፊት ለፊት አንድ ድንጋይ ወይም ጣውላ ያቁሙና ጫፉ ላይ የመጻፊያ እርሳስ ወይም ሚስማር አስረው ጥርሱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ያስጠጉት። አሁን ጎማውን በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። ክፍተቱ ሰፍቶ የሚጠብ ከሆነ በጣም የሰፋበትንና በጣም የጠበበትን በጠመኔ ምልክት አድርገው ልዩነቱን ይለኩ። ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ካለፈ መሪው ላይ ይሰማል። ከዚያ ያንኑ ሚስማር ወደ ቸርኬው ጠርዝ አምጥተው ይድገሙት። ቸርኬው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከዘለለ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ቸርኬው ደህና ሆኖ ጎማው ከዘለለ የጎማው ነው።

የጎማው ከሆነ ከመጣልዎ በፊት አቀማመጡን ይዩ። በጎማው ጎን፣ ከቸርኬው ከንፈር አጠገብ ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ከቸርኬው ያለው ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። በአንድ በኩል ከገባ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም። ንፋሱ ወጥቶ፣ ከንፈሩ በሳሙና ውኃ ተቀብቶ እንደገና ይሞላ። በዚህ ጊዜ ከ40 ፒኤስአይ በላይ አይሂዱ። በ40 ካልተቀመጠ አውጥቶ እንደገና መቀባት ነው፤ ኃይል መጨመር ጎማውን ያፈነዳዋል።

ጊዜ ለማትረፍ ደግሞ የድሮዎቹ ጎማዎች ካልተሸጡ ሁለቱን ፊት ላይ መልሰው ያስገጥሙና በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ይሂዱ። መሪው ጸጥ ካለ ችግሩ አዲሶቹ ጎማና ቸርኬ ላይ ነው። እንደዚያው ከመታ ጎማውን ይተዉትና ወደ መኪናው ይሂዱ።

ቸርኬም አብሬ ቀይሬአለሁ። ወደ ውጭ ስለወጣ ነው የሚመታው?

ሁለት ነገር ይለኩ። አንደኛው የመሃል ቀዳዳው ነው። የሃይሉክስ ሞዞ ለ106 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተሠራ ነው። ከገበያ የተገዛው ቸርኬ 110 ከሆነ በሞዞው ላይ ሳይሆን በዳዶዎቹ ብቻ ነው መሃል የሚይዘው። ክፍተቱን የሚሞላ ልኩ የሆነ ቀለበት ይገባበት፤ ጨርቅ ወይም ቆርቆሮ የሚጠቀልሉ አሉ፣ አይፍቀዱላቸው።

ሁለተኛው ኦፍሴት፣ ማለትም ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበት ልክ በሚሊ ሜትር ነው። የፋብሪካው ቸርኬ 30 ሆኖ የተገዛው 0 ከሆነ እያንዳንዱ ጎማ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ይህ በራሱ አያንቀጠቅጥም። ነገር ግን የእያንዳንዱን ጉድጓድ ምት በረጅም ክንድ ወደ መሪው ስለሚያደርስ ትንሿን የባላንስ ጉድለት ትልቅ ያደርጋታል፤ ኩሽኔታንም ቶሎ ይበላል። በሞዞና በቸርኬ መካከል ወፍራም ማራቂያ ማስገባት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

አላይመንት ይፈታዋል?

ብዙ ጊዜ አይፈታውም። አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ አሰላለፍ) የተበላሸ መኪና ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ የጎማ ጥርስ እንደ መጋዝ ይበላል። መሪ አይመታም። ግን የተበላው ጥርስ ከወራት በኋላ ራሱ ማንቀጥቀጥ ስለሚጀምር ጎማ በቀየሩ ቁጥር ያሠሩት፤ ባላንሱ ካለቀ በኋላ ይሁን።

ቴስቲናና ኩሽኔታ እንዴት ልፈትሽ?

የፊቱን ጎማ አንስተው በላይና በታች፣ ማለትም በሰዓቱ 12 እና 6 ላይ ይዘው ይግፉት። ከተወዛወዘ አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥልዎ ያድርጉና ይድገሙት። ፍሬን ሲረገጥ ውዝዋዜው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ኳስ መጋጠሚያ) ነው። በግራና በቀኝ ይዘው ሲገፉ የሚወዛወዝ ከሆነ ቴስቲና ነው።

የተነሳ ጎማ ግን ሁሉን አያሳይም። መኪናውን መሬት ላይ ያውርዱ፣ ሞተሩ ይነሳ፣ አንድ ሰው መሪውን ሩብ ዙር ግራና ቀኝ ፈጠን እያለ ያወዛውዝ። እርስዎ ከፊት በኩል ሆነው እያንዳንዱን ቴስቲና በጣትዎ ይዳስሱ። ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ጎማው ሳይከተል ከቀረ፣ ወይም ከጣትዎ ስር ጠቅ ካለ ያ ቴስቲና አብቅቶለታል። እዚህ ላይ የሚያገኙትን ብቻ ይቀይሩ።

መኪናውን 5 ሳንቲ ሜትር ካስነሳሁ በኋላ ወንበሩ ይነዝራል፣ መሪው ግን ደህና ነው።

ትራንስሚሲዮኑ ነው። መኪናው ከፍ ሲል የክሮቼራዎቹ (የዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያዎች) ማዕዘን ይበልጣል። ነዳጅ ሲሰጡ ከበረታና ሲለቁት ከቀነሰ ወይም ከተለወጠ እርግጠኛ ይሁኑ፤ ጎማ ነዳጅ ተሰጠ አልተሰጠ ብሎ አይለይም። የክሮቼራዎቹን ልቅነት ይፈትሹ፤ ከዚያ የመሃል ኩሽኔታውን ማንጠልጠያ በልኩ ዝቅ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ጎማው ኢሱዙ ኤንፒአር ላይ ነው፤ ቸርኬው ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቀለበት ያለው ቸርኬ ከመፈታቱ በፊት የቫልቩ ልብ ወጥቶ ንፋሱ በሙሉ መውጣት አለበት። ሲሞላም በብረት ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ የሚሞላው ሰው ረዘም ያለ ቱቦ ይዞ ከጎን ይቁም። በደንብ ያልተቀመጠ ቀለበት ሲወነጨፍ ይገድላል። ሳጥን የሌለው ቤት ከሆነ ወደ ሌላ ይሂዱ።

ከመንቀጥቀጥ አንጻር ደግሞ ቀለበቱ መቀመጫው ውስጥ ዙሪያውን እኩል መግባቱን ይዩ። ዝገት የበላው ቀለበት ጎማውን በአንድ በኩል ያነሳዋል፤ ባላንስ የሚሠራው ሰው ይህን አያይም።

ላንድክሩዘሬ ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጄ እስኪወጣ ድረስ ይንዘፈዘፋል። ምን ላድርግ?

ይህ ከተራ መንቀጥቀጥ የተለየ ነው። የፊት አክስላቸው አንድ ወጥ ብረት የሆነ መኪኖች፣ እንደ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘርና እንደ ኤንፒአር ያሉት፣ በ60 እና በ80 መካከል ጉድጓድ ሲመቱ ሁለቱም የፊት ጎማዎች አብረው መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ ፍጥነቱ ካልቀነሰ አይቆሙም። ሲጀምር እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ መሪውን አጥብቀው ይያዙ እንጂ ከመወዛወዙ ጋር አይታገሉ፣ ፍሬኑን በለሆሳስ ይያዙ።

ጋራዥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው የመሪውን ሾክ አብዞርበር ቀይር ነው። አዲሱ ለጥቂት ወራት ይሸፍነዋል፣ ከዚያ እሱም ይደክማል፣ ችግሩ ብሶ ይመለሳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ባላንስና ንፋስ፤ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚይዘው ዘንግ ቡሎንና ጎሚኒ፤ ቴስቲናዎቹ፤ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ፔርኖ ወይም የላይና የታች ኩሽኔታው። ከእነዚህ በተለይ አግድሙ ዘንግ ይታለፋል። ቡሎኑ የታሰረ ሊመስል ይችላል፤ ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሆነ ግን መሪው ሲወዛወዝ ጫፉ ወዲያ ወዲህ ሲል በዓይን ይታያል።

ሁሉም ጠንካራ ከሆነ የቀረው የካስተር ማዕዘን፣ ማለትም ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ ነው። መኪናው ሲነሳ አክስሉ ወደ ፊት ይዞርና ካስተሩ ይቀንሳል፤ መሪው ራሱን ወደ መሃል የሚመልስበት ኃይል ያን ጊዜ ይጠፋል። ሞላ ላይ ለቆመ አክስል ማዕዘኑን የሚመልስ የተለየ ጎሚኒ አለ። ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ንጣፍ) ላይ ለቆመ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ዲግሪ ያለው ይሁን፤ የባሌስትራው ማሰሪያ ቡሎኖች ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጥበቁ።